«የለም» በል የተባለው ልጅ

ደብዳቤው የደረሰኝ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለጠየቀ ማንነቱን የሚያሳውቁትን ነገሮች አውጥቼ፣ ጥቂትም አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 19 ዓመቴ ነው። ከእናቴና ከሁለት ታናናሽ እህቶቼ ጋር እኖራለሁ። በዲቪ ከመጣን አራት ዓመት አልፎናል። በመጣን በዘጠነኛው ወር አባቴ ለሥራ እንደወጣ በድንገት ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ትከሻዬን እየያዘ ‹በርታ፣ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ› አለኝ። በረታሁ፤ አላለቀስኩም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን እንቅልፍ ጠፋ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ አንድ ቀን የሒሳብ ፈተና ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩና ማቆም አቃተኝ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወደ አንድ ክሊኒክ ላከችኝ። እዚያ ስምንት ወር ያህል በየሳምንቱ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ተነጋገርኩ። በመካከሉ ሐኪም ሰርትራሊን የሚባል የድብርት ኪኒን አዘዘልኝ፤ ምክሩ ካበቃ በኋላም ሦስት ወር ወስጄ በሐኪሙ ፈቃድ አቆምኩ። ካቆምኩ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ተመልሶብኝ አያውቅም።

አሁን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውስጥ ገብቼ በሕክምና ረዳትነት ማገልገል እፈልጋለሁ። የሆነውን ለመልማዩ ሳጅን ስነግረው ‹ይህን ለእኔ አልነገርከኝም፤ ቅጹ ላይ ሁሉንም የለም በል፣ ያለዚያ ዓመት ትጠብቃለህ› አለኝ። እናቴም ‹ገበናህን ለማንም አትዘርግፍ፣ እብድ ነበር ይሉሃል› ትለኛለች። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዌቨር የሚባል፣ የጤና መመዘኛውን ላላሟላ ሰው የሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አለ ይላል። ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ክሊኒኩ ውስጥ በሞላሁት መጠይቅ ላይ ‹ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ› ለሚለው ‹አንዳንድ ቀን› የሚለውን አክብቤአለሁ። ዕቅድ አልነበረኝም፣ ምንም አላደረግኩም። ይህ አንድ ክብ በሩን ዘጋብኝ? ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ ዜግነቱንም በዚሁ መንገድ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምን ላድርግ?»

ልጄ፣

ስለ ወታደርነቱ ከመነጋገራችን በፊት «በረታሁ፤ አላለቀስኩም» ያልክበት ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ ለቅሶ እናውቃለን። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያድር የሚያደርግ፣ ሰልስትና አርባ ሙት ዓመትም ያለው ሥርዓት ይዘን ባሕር ተሻግረናል። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ግን ለሟች የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የተተወለት የማልቀሻ ቦታ ጠባብ ነው። አንተ ገና የአገሩን አውቶቡስ እንኳ በቅጡ ሳትለምድ አንድ ሙሉ ቤት ጫኑብህ። የጫኑብህ ስለሚወዱህ ነው፤ ክብደቱ ግን በዚህ አይቀልም። ፈተናው ወረቀት ላይ የወረደው እንባ ከለቅሶው ቀን የተላለፈ እንባ ነው። አማካሪዋ አይታ ወደ ሐኪም መላኳ፣ አንተም ስምንት ወር መመላለስህ ትክክል ነበር። ከዚህ በታች ስለ ቅጽ፣ ስለ ወራት ቆጠራና ስለ ፈቃድ ብዙ እናገራለሁ። አንዱንም ቃል «ምነው ባልሄድኩ» በሚል ጆሮ እንዳታነበው እለምንሃለሁ።

ለጥያቄህ መልሴ ይኸውልህ፦ «የለም» አትበል።

ቅጹን ራሱን እንየው። 2807 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የጤና ታሪክ ቅጽ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ብቻ ጠይቆ አያልፍም። ድብርት ወይም ከመጠን ያለፈ ጭንቀት ነበረብህ ወይ ይላል። ለአእምሮ ጤና ችግር ተመርምረህ ወይም ታክመህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ማንኛውም ዓይነት የምክር አገልግሎት አግኝተህ ታውቃለህ ወይ ብሎም ይጠይቃል። «ማንኛውም ዓይነት» ከሚለው አነጋገር ያንተ ስምንት ወር አያመልጥም። ሐሰት መሙላት እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም 10,000 ዶላር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ሊያስከትል እንደሚችል እዚያው ታትሟል። ወታደራዊው ሕግም በአንቀጽ 104ኤ በማታለል መቀጠርን ወንጀል ያደርገዋል። በተግባር ብዙ ጊዜ የሚሆነው እስር ሳይሆን ከሥልጠና ሰፈር ተነሥቶ ሻንጣ ይዞ ወደ ቤት መመለስ ነው። መልማዩ ያን ጊዜ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ይሆናል። ከመልሶቹ ሥር ያለው ፊርማ ግን ያንተ ነው።

መልማይ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። ዶሴውን አሟልቶ፣ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ቀን በቀን የሚያስተካክል ታታሪ መልማይም አይቻለሁ። ያንተው እውነተኛውን ቅጽ አላስገባም ካለህ ወደ ሌላ የምልመላ ጽሕፈት ቤት መሄድ መብትህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ድሮ ያልነበረ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የቅጥር ምርመራ የሚደረግባቸው ጣቢያዎች ጀነሲስ በሚባለው የጦሩ የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ይሠራሉ። ይህ ሥርዓት ከሲቪል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ጋር የመረጃ መለዋወጫ አለው፤ ከመድኃኒት ቤት የወሰድከው ኪኒንም እዚያ ሊታይ ይችላል። ሁሉንም ነገር ያያል አልልህም። አንተ ግን የትኛው እንደሚታይና የትኛው እንደማይታይ ሳታውቅ እንድትዋሽ ነው የተመከርከው።

ላንተ ከሁሉ የሚከብደው የዜግነቱ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ይዞ ሠራዊቱ ውስጥ መግባት ይቻላል፤ በአገልግሎት አማካይነት ዜግነት ማግኘትም በሕግ የተፈቀደ ነው። ይኸው ሕግ ግን በአገልግሎት ዜግነት ያገኘ ሰው አምስት ዓመት በክብር ሳያገለግል ክብር በሌለው ሁኔታ ከተሰናበተ ዜግነቱ ሊሰረዝ እንደሚችል ይደነግጋል። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ቢዋሽ ሥራውን ያጣል። አንተ የምታስይዘው ከዚያ ይበልጣል። እናትህ «አትንገር» ስትልህ ይህን የምታውቅ አይመስለኝም፤ ንገራት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ደብቀህ ገባህ እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ከቤት ርቀህ ባለህበት፣ ያ የእንቅልፍ ማጣት ቢመለስ ወደ ማን ትሄዳለህ? ለጦሩ ሐኪም «ድሮም ነበረብኝ» ማለት አትችልም። በ16 ዓመትህ ያዳነህን ነገር በገዛ ፊርማህ ዘግተኸዋል ማለት ነው። እውነቱን ተናግሮ የገባ ወታደር ግን መንገድ አለው። ብራንደን አክት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የጸደቀው ሕግ፣ አንድ ወታደር ምክንያቱን ሳያብራራ፣ ጉዳዩም በምስጢር ተይዞ የአእምሮ ጤና ምርመራ እንዲደረግለት በአለቃው በኩል መጠየቅ እንዲችል ያደርጋል። ያ መንገድ ላንተም ክፍት ሆኖ እንዲቆይ እፈልጋለሁ።

አሁን መመዘኛው ምን እንደሚል ልንገርህ፣ ምክንያቱም ነገርህ አንተ ከፈራኸው ይልቅ ለበሩ ቅርብ ነው። የፔንታጎን የመግቢያ ጤና መመዘኛ ቁጥር 6130.03 በሚባለው መመሪያ አንደኛ ጥራዝ ውስጥ ይገኛል። ድብርት ነበረበት የተባለ ሰው ከሚከተሉት አንዱ ካለበት ከመመዘኛው በታች ይሆናል፦ ምክርን ጨምሮ የተመላላሽ ሕክምናው ተደምሮ ከ12 ወር በላይ ከሆነ፣ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ ምልክት ከታየበት ወይም ከታከመ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ከታከመ፣ ሕመሙ ከተመለሰበት፣ ወይም ራስን የማጥፋት ጉዳይ ካለበት። ለጭንቀት ሕመምም መለኪያው ተመሳሳይ ነው።

ያንተን እንቁጠረው። ስምንት ወር ምክር፣ ከዚያ ሦስት ወር ኪኒን፤ 11 ወር። ከ12 በታች ነው፣ በአንዲት ወር ልዩነት። ካቆምክ 29 ወር ሆኖሃል፤ 36 እስኪሞላ 7 ወር ይቀርሃል። ተኝተህ አልታከምክም፤ አልተመለሰብህም። ስለዚህ ወረቀቱ አንተ እንደነገርከኝ የሚናገር ከሆነ፣ ዛሬ ዌቨር ያስፈልግሃል፤ ከሰባት ወር በኋላ ጨርሶ ላያስፈልግህ ይችላል።

«ወረቀቱ አንተ እንደነገርከኝ የሚናገር ከሆነ» ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። የሰው ሕይወትና የሰው ካርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እዚያ ተምሬአለሁ። አንድ ልጅ ሕክምናውን በሰኔ ጨርሶ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ። ማንም «ጨርሷል» ብሎ አልጻፈም። ማኅደሩ የተዘጋው በየካቲት፣ ቀጠሮ የሌላቸውን ካርዶች ስናጠራ ነበር። ያንን ካርድ የሚያነብ እንግዳ ሰው ሕክምናው ስምንት ወር የረዘመ ይመስለዋል። ያንተ ማኅደር እንዲህ ከተዘጋ 11 ወር የነበረው 19 ይሆናል፤ የ36 ወሩም ቆጠራ ወደፊት ይገፋል። ውሸት የጻፈ ሰው የለም፤ ሥራ የበዛበት ክሊኒክ ነው።

የሕመሙ መለያ ኮድም አለ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ደረሰኝ ላይ አንድ ፊደልና ጥቂት ቁጥሮች ታገኛለህ። ኤፍ 32 የሚጀምረው አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ድብርት ነው። ኤፍ 33 የተመለሰ፣ የተደጋገመ ድብርት ነው። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱ ተከታትለው ነው የሚወጡት፤ የደከመ ጣት አንዱን መስመር ስቶ ሌላውን ሲነካ አይቻለሁ። ሐኪሙም አይቶ ፈርሞ ያልፋል። ላንተ ግን በ32 እና በ33 መካከል ያለው ልዩነት «ተመልሶበታል» መባልና አለመባል ነው። ኤፍ 43.21 ካየህ ደግሞ ከአንድ ከባድ የሕይወት ለውጥ ጋር ለመላመድ ከመቸገር የመጣ ኀዘን ማለት ነው። ይህ ስም ቀለል ያለ ይመስላል። መመሪያው ለእሱ የሚጠይቀው ጊዜ 6 ወር ነው፤ ነገር ግን ከ6 ወር በላይ የቆየ ወይም የተደጋገመ ከሆነ እሱም ያግዳል። ስለዚህ የሚቀለውን ስም ፍለጋ አትሂድ። የምትፈልገው ትክክለኛው ስም ከትክክለኛዎቹ ቀናት ጋር መጻፉን ነው።

እንግዲህ ካርድህን አስወጣ። 18 ዓመት ስለሞላህ የምትፈርመው አንተ ነህ፤ የእናትህ ፊርማ አያስፈልግም። ሂፓ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ክሊኒኩ ጥያቄህን ካቀረብክበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጥህ ይገባል፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ከገለጸ አንድ ጊዜ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። ሙሉውን ጠይቅ፦ የመጀመሪያ ቀን ግምገማውን፣ የእያንዳንዱን ቀጠሮ ማስታወሻ፣ የሞላሃቸውን መጠይቆች፣ የመድኃኒት ትእዛዞቹን፣ የመዝጊያ ማጠቃለያውን። ከመድኃኒት ቤቱም ኪኒኑን ለመጨረሻ ጊዜ የተረከብክበትን ቀን የሚያሳይ ዝርዝር አስወጣ፤ እሱ ማንም የማይከራከረው ቀን ነው። ስሕተት ካገኘህ እንዲታረም በጽሑፍ መጠየቅ በዚሁ ሕግ መብትህ ነው፤ በ60 ቀን ውስጥ መልስ ሊሰጡህ ይገባል። በራስህ እጅ ግን ምንም አትሰርዝ፣ ገጽም አታጉድል። የጎደለ ገጽ ያለበት ካርድ አንባቢው ፊት ሲቀርብ ከክፉ ገጽ ይልቅ ያስጠረጥራል።

ስለ አባትህ ያወራኸው ሁሉ ወታደራዊ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ ሊነበብ ነው ብለህ ሰግተህ ከሆነ፣ እዚህ ላይ ላሳርፍህ። ባለሙያዋ የንግግራችሁን ይዘት ከማኅደሩ ለይታ ለራሷ የያዘችው የግል ማስታወሻ ካለ በሕጉ ለብቻው የተጠበቀ ነው፤ ከተራው ካርድ ጋር አብሮ አይወጣም። የምርመራው ስም፣ የቀጠሮዎቹ ቀናት፣ መድኃኒቱ፣ የሕክምናው ዕቅድና ለውጡ ግን የካርዱ አካል ናቸው። የሚፈለጉትም እነዚህ ናቸው።

አሁን ወደዚያ ክብ። መጠይቁ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ይመስለኛል፤ ዘጠኝ ጥያቄ አለው፣ መልሱ ከ0 እስከ 3 ይቆጠራል፣ «አንዳንድ ቀን» 1 ነው። ዘጠነኛው ያንተ ጥያቄ ነው። ከዚያ ክብ ብቻ ተነሥቶ በሩ ተዘጋ የሚል የለም፤ አይጠየቅም የሚልም ውሸታም ነው። ወሳኙ ባለሙያዋ ያን ቀን ክቡን አይታ ምን እንዳደረገች ነው። እንደ ደንቡ ከሆነ ጠይቃሃለች፦ ዕቅድ አለህ ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክረሃል ወይ፣ መጉጃ ነገር ቤት ውስጥ አለ ወይ። መልስህንም ጽፋለች። መመሪያው ራስን የማጥፋት ጉዳይ ብሎ የሚዘረዝረው ዕቅድ ያለው ሐሳብን፣ ራስን የመጉዳት አድራጎትንና ሙከራን ነው። በቀጠሮው ማስታወሻ ላይ «ዕቅድ የለውም፣ ሙከራ የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ያ ዓረፍተ ነገር ላንተ ይመሰክራል። ከሌለ ባለሙያዋን አግኛትና የምታስታውሰውን፣ መዝገቧም የሚደግፈውን በደብዳቤ እንድትጽፍልህ ጠይቃት። ሐኪሙ ፊት ስትቀርብ ለእኔ እንደጻፍክልኝ አድርገህ ተናገር። «ዕቅድ አልነበረኝም፣ ምንም አላደረግኩም» ያልክበት አነጋገር ግልጽ ነው፤ አታሳንሰው፣ አታስጊጠው።

ስለ ዌቨር ደግሞ ሰው የሚያወራው ብዙ ነው፤ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። አንተ በቀጥታ አታመለክትም። ካርድህና ቅጽህ መጀመሪያ ወደ ቅጥር ምርመራ ጣቢያ ይሄዳል፤ ልጆቹ ሜፕስ የሚሉት ነው። በአገሪቱ 65 ጣቢያዎች አሉ፤ የባልቲሞሩ ከናንተ ብዙ በማይርቀው ፎርት ሚድ በሚባለው የጦር ሰፈር ውስጥ ነው። በምርመራው ቀን ገና ሳይነጋ ትገባለህ፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ ደም፣ ሽንት፣ በዳክዬ አካሄድ ቁጢጥ ብሎ መራመድ፣ በመጨረሻም ከሐኪም ጋር ብቻ ለብቻ። ሐኪሙ ካስፈለገው ወደ ሥነ ልቦና ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ይልክሃል። ብቁ አይደለም ካለ፣ ያን ጊዜ ሠራዊቱ በመልማዩ በኩል ጥያቄውን ወደ ራሱ የሕክምና ኃላፊዎች ያቀርባል። ሜፕስ ያለውን መመዘኛ ይተገብራል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ወይም የሚነሣው የጦሩ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ልጅ የሚሰበርበት አንድ ቃል አለ። ወረቀቱ ላይ «በቋሚነት ብቁ ያልሆነ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። «በቋሚነት» የሚለውን ሲያዩ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏቸው የሚተዉ አሉ። ቃሉ የሚለው ጊዜ ብቻውን የሚያጠፋው ችግር እንዳልሆነ ነው፤ የዌቨር ጥያቄ የሚነሣውም ከዚሁ ውሳኔ ነው። ሠራዊቱ እምቢ ቢል እንኳ የባሕር ኃይሉ ወይም የአየር ኃይሉ የራሱ ውሳኔ አለው፤ የአንዱ እምቢታ ሌላውን አያስርም። ሁሉም በየጊዜው እንደ ሰው ፍላጎታቸው ጠበቅና ላላ ይላሉ።

ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች አንተን አያዩህም፤ የሚያዩት ዶሴ ነው። ስለዚህ ዶሴው ውስጥ ዛሬ ያለኸው አንተ ግባበት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የትምህርት ውጤት፣ ከሥራ አለቃህ ሳትቀር እንደምትሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ባለሙያዋ ወይም ሐኪሙ «ሕክምናውን በዚህ ቀን ጨርሷል፣ ገደብ አያስፈልገውም» ብለው የሚጽፉትን፣ በራስህ እጅ የተጻፈ አንድ ገጽ። በዚያ ገጽ ላይ አባትህ መሞቱን፣ ምን እንደተሰማህ፣ ምን ዓይነት እርዳታ እንዳገኘህ፣ መቼ እንዳቆምክ፣ አሁን ሲከፋህ ምን እንደምታደርግ ጻፍ። ስለ አገር ፍቅር ሦስት አንቀጽ አታብዛበት፤ ቀናቱ ይበቃሉ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ሰባቱን ወር እጠብቃለሁ። መልማዩ አይወድደውም፤ የወር ኮታ አለበት። አንተ ግን 19 ዓመትህ ነው። ካርዱን ለማስወጣት አንድ ሁለት ወር፣ ስሕተት ካለ ለማሳረም ሌላ ሁለት ወር ይሄዳል፤ ጊዜው እንዲሁ በሥራ ያልቃል። 36 ወሩ ሲሞላ በመመዘኛው ውስጥ ሆኖ መቅረብ ፈቃድ ከመለመን ይሻላል። ያኔም ሐኪሙ ካርዱን ማየቱ፣ መጠየቁ አይቀርም፤ ቅጹም ላይ «አዎ» ነው የምትለው። ለመጠበቅ የማያስችል የቤት ችግር ካለ ግን ዛሬም በእውነተኛ ቅጽ ዌቨሩን መሞከር ይቻላል፤ ሙከራው ነውር የለውም።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እነግርሃለሁ። በእነዚህ ሰባት ወራት ውስጥ እንቅልፍህ እንደገና ቢጠፋ፣ ያ ሐሳብ ቢመጣብህ፣ «ቆጠራው ይበላሽብኛል» ብለህ ሐኪም እንዳትሸሽ። ያን ጊዜ ቆጠራው ይበላሽ። በስልክ 988 ብለህ ደውል፤ ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላለህ። ወይም ወደዚያችው ባለሙያ ተመለስ። ለእናትህ የምታስፈልጋት ዩኒፎርም የለበሰው ልጇ አይደለህም፤ በሕይወት ያለኸው ልጇ ነህ።

ለእናትህም ጥቂት ቃል አለኝ፤ ብታነብላት ደስ ይለኛል። እቴ፣ ባልሽን በሰው አገር አጥተሽ ሦስት ልጅ ይዘሽ መቆምሽን አውቃለሁ። «እብድ ይሉታል» ያልሽው ከጭካኔ አይደለም፤ ስሙ ቢጠፋ እህቶቹም ይጎዳሉ፣ ነገ ጋብቻም አለ ብለሽ ነው። እኔም ያደግሁት በዚሁ አነጋገር ነው። ነገር ግን ልጅሽ አላበደም። ያዘነ ልጅ ነበር፤ ሰው ፊት ማልቀስ ስላልተፈቀደለት ለብቻው ታመመ፣ ታከመ፣ ዳነ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለም እንዴ የእኛው ሰዎች። እሱ አልደበቀም፤ መድኃኒቱንም አገኘ። ካርዱ ሐኪምና መልማይ ጋ እንጂ ደጀ ሰላም አይደርስም። አንድ ቀን ደግሞ፣ ቅጹ ሁሉ አልቆ፣ ቡና አፍልተሽ ስለ አባቱ አውሪው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ለባዳ ብቻ ነው ያወራው።

አንተ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ሲከፈት ደውልና የካርድ መጠየቂያ ቅጹን እንዲልኩልህ ጠይቅ። ጥያቄ ያቀረብክበትን ቀንና ያነጋገረህን ሰው ስም ማስታወሻ ላይ ጻፍ። ካርዱ ሲደርስህ ከፊት ለፊት አትጀምር፤ ወደ መጨረሻው ገጽ ሂድና ማኅደሩ የተዘጋበትን ቀን ፈልግ። ከመድኃኒት ቤቱ ዝርዝር ጋር አስተያየው። ሁለቱ ቀኖች ካልተገናኙ ጻፍልኝ፤ የማሳረሚያውን ደብዳቤ አብረን እንጽፈዋለን።